ኮምቦልቻ የደረሰው ሐዲድ፦ ከጎረቤቶቻችን ጋር ስንፎካከር የምንቆጥረውና የማንቆጥረው

ደሴ ላይም ሆነ ኮምቦልቻ ሁለት ሰዎች ስለ ኢኮኖሚ ክርክር ከገጠሙ ኬንያ መነሳቷ አይቀርም። አንዱ የህዳሴውን ግድብ ሲጠራ ሌላው የናይሮቢን ባቡር ያመጣል፤ አንዱ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲኩራራ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ኤም-ፔሳን ያሳያል። በአትሌቲክስ ለዓመታት የለመድነው ዓይነት ፉክክር ነው። ጥላቻ የለበትም፤ መበለጥ ግን ማንም አይወድም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ታንዛኒያም በክርክሩ ውስጥ ስሟ ይነሳ ጀምሯል።

ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ይቆማል። በ2017 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ኢትዮጵያ ኬንያን በኢኮኖሚ መጠን አልፋ የምሥራቅ አፍሪካ ቀዳሚ ትሆናለች ብሎ ሲተነብይ የኛ ሰው ደረቱን ነፋ። በ2025 ያው ድርጅት ቀዳሚዋ ኬንያ ትሆናለች ሲል ናይሮቢዎች በተራቸው ደረታቸውን ነፉ። በመካከሉ የሆነውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ጁላይ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዶላር ስትለካ አገሪቱ በአንዴ አነሰች። የወሎ ገበሬ ያመረተው ማሽላ ግን በዚያ ምክንያት አንድ ኩንታል አልጎደለም። (ቀኖቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጎረቤቶቻችን የሚቆጥሩት በሱ ስለሆነ ለማነጻጸር ይቀላል።)

ስለዚህ የደረጃውን ሰንጠረዥ ትቼ አንድ ፕሮጀክት ብቻ ላንሳ፦ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን የባቡር መስመር። የመረጥኩት ደጃችን ላይ ስላለ ብቻ አይደለም። መስመሩን የገነባው ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ተቋራጭ ከኛ ቀጥሎ ወደ ታንዛኒያ፣ ከዚያም ወደ ኡጋንዳ ሄዷል። በሦስት ጎረቤት አገሮች አንድ ግንበኛ ሲገኝ ልዩነቱን በግንበኛው ላይ ማላከክ ይቸግራል፤ ዓይናችን ወደ አሠሪው ይዞራል።

ሥራው ምን ነበር

ውሉ የተፈረመው በ2012 ነው፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ርዝመቱ 392 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሁለት ምዕራፍ ተከፍሏል። የመጀመሪያው ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ 122 ኪሎ ሜትር ነው። ገንዘቡ ከቱርክ ኤክዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ አስተባባሪነት ከተሰባሰቡ አበዳሪዎች የመጣ ነው። ክሬዲት ስዊስ ራሱ በ2023 ተንገዳግዶ በዩቢኤስ መጠቅለሉን ሳስብ ይገርመኛል፤ ባንኩ ጠፍቶ ዕዳው ቀረ።

መስመሩ ከአዋሽ ቆላ ተነስቶ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ያን ከፍታ ለመውጣት ዋሻ መፈልፈል፣ ድልድይ መዘርጋት ግድ ነበር። ባቡሩ ለምን ደሴ አይገባም ብሎ የሚያኮርፍ ደሴዬ አይጠፋም። ለሱ መልሱ ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ከላይ የሚወርደው የጭነት መኪና በከባድ ማርሽ እያጓራ፣ የፍሬኑ ሽታ በመስኮት እየገባ፣ ከኋላው የሚኒባስ ሰልፍ አስከትሎ ይመጣል። ከታች የሚወጣው ደግሞ በየጥምዝምዙ ትንፋሽ ያጥረዋል። ባቡር እንዲህ ያለ ዳገት አይሆንለትም። ጣቢያው ኮምቦልቻ መሆኑ ከማንም አድልዎ የመጣ አይደለም፤ የመሬቱ ፍርድ ነው።

ለነገሩ ደሴና ኮምቦልቻም የራሳቸው ፉክክር አላቸው። ደሴ የቀድሞው ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ፣ የንግዱና የአስተዳደሩ መናኸሪያ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ደረቅ ወደቡ፣ አሁን ደግሞ ሐዲዱ አላት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ዋና ግቢውን ደሴ አድርጎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ኮምቦልቻ አስቀምጧል። ሁለቱ ከተሞች ይነቋቆራሉ እንጂ አንዱ ያለሌላው አያድርም። ኮምቦልቻ የሚሠራው ስንቱ ደሴ ያድራል፣ ደሴ የሚሸጠው ስንቱ ዕቃ ኮምቦልቻ ይራገፋል።

ወደ ሐዲዱ ልመለስ። የመጀመሪያው ምዕራፍ የግንባታ ሥራ አብዛኛው አለቀ። ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ጣቢያው ቆመ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ በመስመሩ ዳር ተተከሉ። ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ግን አልደረሰም። ለባቡሩ ከዋናው መረብ ከፍተኛ ኃይል ስቦ በየማከፋፈያው የሚያደርስ መስመር ያስፈልግ ነበርና እሱ ከሐዲዱ ጋር እኩል አልሄደም። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱም አለ። እንዲህ ሆኖ አለቀ የተባለው መስመር ሥራ ሳይጀምር ዓመታት አለፉ።

በናፍጣ የሚሄደው እና የማይሄደው

እዚህ ላይ ነው ኬንያ የምትመጣው። የሞምባሳ–ናይሮቢ ባቡር ሜይ 31 ቀን 2017 ተመረቀ። 470 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቻይና ኤክዚም ባንክ በተገኘ ብድር የተሠራና ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ። የኛ አዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኦክቶበር 2016 ተመርቆ በጃንዋሪ 2018 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ፤ 750 ኪሎ ሜትር ይሻገራል። እነሱ በናፍጣ፣ እኛ በኤሌክትሪክ። ይህች ልዩነት በኛ ሰፈር ስንት ጊዜ እንደ ጎል ተቆጥራለች! «ኬንያ አሮጌ ቴክኖሎጂ ገዛች፣ እኛ ዘመናዊውን» ያላልን ማን አለ?

እውነት ነው፣ ኤሌክትሪክ ይሻላል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛና ውኃው በነጻ ለሚወርድለት አገር ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም። ግን የኬንያው ባቡር በተመረቀ ማግስት ሰው ጭኖ ሄደ፤ ሞተሩን ራሱ ይዞ ነውና የሚሄደው ማንንም አልጠበቀም። የኮምቦልቻው ሐዲድ ዘመናዊ ሆኖ ተሠርቶ ቆመ። በኔ አስተያየት የዚህ ጉዳይ ዋናው ትምህርት ያለው እዚህ ነው፦ ለፉክክሩ ነጥብ ያስቆጠረልን ነገር ለሥራው ማነቆ ሆነ።

መፍትሔውን ደግሞ እኛው ራሳችን ከዚያ በፊት ሠርተነው ነበር። በ2015 ድርቅ አገሩን ሲመታ የጅቡቲው መስመር ኤሌክትሪኩ ገና አልተገናኘም። እህሉ ወደብ ላይ ተከማችቷል፤ መኪናው አልበቃም። በኖቬምበር የናፍጣ ባቡር ተቀጥሎ እህል ማጓጓዝ ተጀመረ፤ ገመዱ እስኪገናኝ አልተጠበቀም። ያን ዓመት ክፉኛ ከተመቱት አካባቢዎች አንዱ ወሎ ነበርና ያ ውሳኔ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ለችግር ጊዜ የተፈቀደው ዘዴ ለደህና ጊዜ የማይፈቀድበት ምክንያት አይገባኝም። ናፍጣው ውድ ነው የሚል ይኖራል። ሐዲዱ ቆሞ ቢውልም የብድሩ ወለድ ግን አይቆምም።

ኬንያ ደግሞ ሁሉ ነገር ቀንቷት አይደለም። ሁለተኛውን ምዕራፍ 120 ኪሎ ሜትር ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ ወስዳ በ2019 አስመረቀች፤ ሐዲዱ ሱስዋ የምትባል የማሳይ አገር ደርሶ ቆመ። ዋናው ሐሳብ በማላባ በኩል ኡጋንዳ መግባት ነበር፤ የቻይናው ብድር ሳይገኝ ቀረና መሐል ሜዳ ላይ ቀረች። ኬንያውያን ራሳቸው «የትም የማይደርስ ባቡር» እያሉ ሲያላግጡበት ሰምቻለሁ። እኛ ደግሞ የማይነሳ አለን።

ከሁሉ የሚያስቀው ነገር ያለው እዚያው ሱስዋ ላይ ነው። ከወላይታ ሶዶ የሚነሳው የኢትዮጵያ–ኬንያ የኃይል ማስተላለፊያ መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚያርፈው ሱስዋ ነው። እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል። በኖቬምበር 2022 ኬንያ 200 ሜጋዋት ከኛ መግዛት ጀመረች። እንግዲህ አስቡት፦ የኛ መብራት ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ የኬንያ ባቡር የሚቆምበት አካባቢ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ባቡር በናፍጣ ይሄዳል። እዚህ ኮምቦልቻ ላይ ያለው ባቡር መብራት ይጠብቃል። ይህን ያቀናበረ ሰው የለም። ኤሌክትሪክ መሸጡም ስሕተት አይደለም፤ ዶላር ያስገኛል፣ ኬንያም ከኛ ርካሽ ኃይል ታገኛለች። የሚያሳየው የኃይል እጥረት እንዳልነበረብን ነው። የጎደለን የመጨረሻዋ ቁራጭ ገመድ ናት፤ እሷን ደግሞ የማንም የምርቃት ቀን አላስታወሳትም።

ሹፌሩ ያየው

የጉዳዩ ሌላ ገጽታ የተገለጠልኝ ከደረቅ ወደቡ አቅራቢያ ባለች ሻይ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ወጣት ባቡሩ ሲጀምር የተሳቢ ሹፌሮች ሥራ እንደሚፈቱ ሲያብራራ ጥግ ላይ የተቀመጡ አዛውንት ሹፌር ዝም ብለው ሰሙት። ሲጨርስ ስኒያቸውን አስቀመጡና «አባቴዋ፣ ለመሆኑ ባቡሩ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉት።

«ወደ ጅቡቲ ነዋ ጋሼ።»

«ወደ ጅቡቲ? ወደ አዋሽ ነው እንጂ የሚሄደው። እኔ ባቲን ወርጄ ሚሌ ገብቼ ምሳዬን ስበላ እሱ ገና ጀርባውን ለጅቡቲ ሰጥቶ አዋሽ ይገባል።»

ወጣቱ መልስ አጣ። እኔም ቤት ገብቼ ካርታ ዘረጋሁ፤ ሰውዬው ልክ ናቸው። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በገላፊ ጅቡቲ በመኪና 500 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በባቡር ግን መጀመሪያ 270 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ አዋሽ ይወረዳል፤ ከዚያ በዋናው መስመር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተመልሶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይኬዳል። ድምሩ ወደ 800 ይጠጋል። ባቡር በቶን ሲታሰብ ከመኪና ይረክሳል፤ መንገዱ በግማሽና ከዚያ በላይ ሲረዝም ግን ያ ብልጫ ይሸረሸራል።

የዕቅዱ ባለቤቶች ይህን ሳያዩ ቀርተው አይደለም። በመጀመሪያው ንድፍ ከሐራ ገበያ አካባቢ ወደ ምሥራቅ ተገንጥሎ አፋርን አቋርጦ ታጁራ ወደብ የሚደርስ ሌላ መስመር ነበረ። የታጁራ ወደብ በ2017 በጅቡቲ በኩል ተከፍቷል። የባቡሩ ቅጥያ ግን አልመጣም። ከሐራ ገበያ ወደ መቐለ የሚሄደውም ሳያልቅ ቀርቷል። የኮምቦልቻው መስመር ብቻውን እንዲቆም የታሰበ አልነበረም፤ የሦስት መስመሮች መገናኛ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ሁለቱ ሲቀሩ ሦስተኛው ትርጉሙ ተቀየረ፦ ወደ ባሕር የሚወስድ መሆኑ ቀርቶ በዋናነት ወደ አዲስ አበባና ወደ መሐል አገር የሚወስድ ሆነ። ያም ቢሆን ዋጋ አለው። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ እህልና ማዳበሪያ በዚያ አቅጣጫም ይሄዳል። ግን የተበደርንለት ሒሳብ ሌላ ነበር።

ኮምቦልቻ በዚህ ጉዳይ ትዝታ አላት። ጣሊያን ከዚህ በባቲ አድርጎ ወደ አሰብ መንገድ ባወጣ ጊዜ ከተማዋ የመገንጠያ ከተማ ሆነች። ወደ አሥመራ የሚሄደውና ወደ አሰብ የሚወርደው እዚህ ይለያያል፤ ሆቴሉም ጋራዡም የቆመው በሱ ነው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር አሰብ ተዘጋ፤ የአገሪቱ ጭነት ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የወደብ በር ሲዘጋ መንገድ ዳር ያለ ከተማ ምን እንደሚሆን ኮምቦልቻ በልጅነቷ ተምራዋለች። በሞምባሳ መንገድ ያሉት እነ ቮይና ማሪያካኒም ተመሳሳይ ነገር ቀምሰዋል፦ የኬንያ መንግሥት ብድሩን ለመክፈል ኮንቴይነር ሁሉ በባቡር ይሂድ ብሎ ባዘዘ ጊዜ የሹፌሩ ሆቴል ጾሙን ዋለ፣ ሞምባሳም ሰልፍ ወጣች። ዊሊያም ሩቶ በሴፕቴምበር 2022 ሥልጣን እንደያዙ ትእዛዙን አነሱት። የኛ አዛውንት ሹፌር ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

በመሐል የገባው ጦርነት

ጉዳዩን የመብራትና የካርታ ብቻ አድርጎ መተው ሐቀኝነት አይሆንም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በጁላይ 2017 ተመረቀ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሔክታር ላይ ያረፈ ነው። ታሳቢው ግልጽ ነበር፦ ልብስ ተሰፍቶ በባቡር ወደብ፣ ከወደብ አሜሪካ። በ2021 ኦክቶበር ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ከተሞቹ በዲሴምበር መጀመሪያ እስኪለቀቁ ድረስ የሆነውን እዚህ ያለ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋልና አልተርክም። ፋብሪካ ተዘረፈ፣ መጋዘን ተሰበረ። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ኮምቦልቻ ላይ ያለው መጋዘኑ በመዘረፉ በሁለቱ ከተሞች የእህል ዕደላ ማቆሙን ያስታወቀው ያኔ ነው።

ከዚያ ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2022፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ቀረጥ ነጻ ዕድል ወጣች። ኬንያ ውስጥ ቀረች። የአንድ ሸሚዝ ዋጋ በቀረጥ ብቻ በሚወሰንበት ገበያ ይህ ከባቡር መኖርና አለመኖር በላይ ነው። የልብስ ገዢ ድርጅት ሐዲድ አይቶ አይመጣም፤ ቀረጡን፣ ሰላሙንና ዕቃው የሚደርስበትን ቀን ያያል። በዚህ ዙር ኬንያ የበለጠችን ባቡሯ ስለተሻለ አልነበረም።

ዕዳውም ደረሰ። በዲሴምበር 2023 ኢትዮጵያ የዩሮቦንዷን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ ዕዳ ማሸጋሸግ ውስጥ ገባች። በዚያው ሰሞን ኬንያ የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ መክፈያ ቀኗ ቀርቦ በጭንቀት ላይ ነበረች። በፌብሩዋሪ 2024 በከፍተኛ ወለድ አዲስ ተበድራ ከአሮጌው አብዛኛውን ከፈለች። በጁን ደግሞ ግብር ሊጨመር ነው ተብሎ ወጣቱ ናይሮቢን አጥለቀለቀው፣ ሰው ሞተ፣ ረቂቅ ሕጉም ተነሳ። እንግዲህ አንዱ መክፈል አቆመ፣ ሌላው እየደማ ከፈለ። በዚህኛው ውድድር አሸናፊ የሚባል አላየሁም።

ታንዛኒያ ዘግይታ መጣች

ያፒ መርከዚ ታንዛኒያ የገባው ከኛ አምስት ዓመት ዘግይቶ ነው። በፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ ጊዜ፣ በ2017፣ ከዳሬሰላም እስከ ሞሮጎሮ፣ ቀጥሎም እስከ ማኩቱፖራ ድረስ ያለውን መስመር ያዘ። እንደኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ የመንገደኛው ባቡር በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ። እነሱም በቀጠሯቸው አልጨረሱም፤ በ2019 ይጀምራል የተባለው የሞሮጎሮ ቁራጭ የመጀመሪያ መንገደኞቹን የጫነው በጁን 2024 ነው። ማጉፉሊም ሳያዩት በ2021 አረፉ። በጁላይ ባቡሩ ዶዶማ ገባ፤ በኦገስት 1 ፕሬዚዳንት ሳሚያ በይፋ መረቁት። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የሚፈጀው መንገድ አራት ሰዓት እንኳ የማይሞላ ሆነ።

ታዲያ ምን ለየው? እነሱ ጦርነት አልነበረባቸውም፤ ይህ ትልቁ ነው፣ ማድበስበስ አያስፈልግም። ሌላው ግን አቀማመጡ ነው። ሐዲዱ ከወደቡ ጀመረ፤ ከዳሬሰላም ወደ ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ባለቀበት ቀን ከባሕር የተገናኘ ነው፤ ቀጣዩ ቢዘገይ እንኳ ያለቀው ይሠራል። ሞሮጎሮ ላይ ቢቆም የሞሮጎሮ ሰው ይሳፈራል። የኛው ተቃራኒ ነው፦ መሐል አገር ተጀምሮ ከዋናው መስመር አዋሽ ላይ ይገናኛል፣ ሌላው ጫፉ ደግሞ ያልተሠራን መስመር ይጠብቃል። የኬንያው በመጀመሪያው ምዕራፍ እንደ ታንዛኒያ፣ በሁለተኛው እንደኛ ሆነ።

ታንዛኒያ ኃይሉንም አልዘነጋችም። 2,115 ሜጋዋት የሚሰጠው የጁሊየስ ኔሬሬ ግድብ ተርባይኖች በዚያው በ2024 መዞር ጀመሩ። እኛ የህዳሴውን ግድብ 5,150 ሜጋዋት አድርሰን በሴፕቴምበር 2025 መርቀናል፤ ከነሱ ከእጥፍ በላይ ነው። በዚህ የሚፎክር ቢኖር አልቃወምም፣ እኔም ፎክሬያለሁ። ሰው ከኪሱ አዋጥቶ ቦንድ ገዝቶ የሠራው ነው። ግን ዳሬሰላም ላይ ያለ መንገደኛ በግድቡ መጠን አይሳፈርም።

የዳሬሰላምና የሞምባሳ ፉክክር ደግሞ ከኛ ይልቅ የጠነከረ ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በኮንጎ ጭነት ላይ ነው። ኡጋንዳ በ2016 የነዳጅ ቧንቧዋን በኬንያ ፈንታ በታንዛኒያ ታንጋ ለማውጣት ስትወስን ናይሮቢ ደንግጣ ነበር። ወደብ የሌላት አገር ሁለት ጎረቤት ሲሽቀዳደሙላት ዋጋ ታስቀንሳለች። ለኛ የሚጠቅመው ፉክክር ይሄ ይመስለኛል፦ ጅቡቲን ብቻ ይዘን ስንኖር የሶማሌላንዱ በርበራና የኬንያው ላሙ ሲመጡ የምንመርጠው አገኘን ማለት ነው። በላሙ የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በሜይ 2021 ሥራ ጀምሯል። ሜዳው ከኮምቦልቻ እጅግ ሩቅ ነው፤ የወደብ ዋጋ ግን ሩቅ ሆኖም ይሰማል፣ ጅቡቲ ታሪፍ ስታወጣ ሌላ በር እንዳለን ታውቃለች።

እንግዲህ ኮምቦልቻ ላይ

ይህን ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር ሳነሳ ሁለት ዓይነት መልስ አገኛለሁ። አንደኛው «ተሰረቅን» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ቸኩለን ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ይሠራል» የሚል። ሁለቱም አያሳምኑኝም። ችግሩ የቅደም ተከተል ነው። ከሐዲዱ በፊት ኃይሉ መታሰር ነበረበት፣ ካልሆነም እስኪታሰር ናፍጣ ባቡር መመደብ ነበረበት። ከሐራ ገበያው 122 ኪሎ ሜትር በፊት የአፋሩ መገንጠያ ገንዘቡ መገኘት አለመገኘቱ መታወቅ ነበረበት። አሁንም ቢሆን የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብና ጣቢያው በአንድ አስተዳዳሪ ዓይን ቢታዩ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ጭነት ተለይቶ ለባቡሩ ቢሰጠው፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው በባቲ በመኪና ቢቀጥል ማንም አይጎዳም። አዛውንቱ ሹፌርም ሚሌ ላይ ምሳቸውን ይበላሉ።

ኡጋንዳ በጃንዋሪ 2023 ከቻይናው ተቋራጭ ጋር የነበራትን ውል አቋርጣ በኦክቶበር 2024 ከያፒ መርከዚ ጋር ተፈራርማለች፤ ከማላባ እስከ ካምፓላ፣ 2.7 ቢሊዮን ዩሮ። ርዝመቱ 272 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዋሽ ኮምቦልቻ ካለው በሁለት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እነሱ የሚጀምሩት ከሜዳ ነው፣ ኬንያም እስከ ማላባ ካላደረሰችላቸው የኛው ዓይነት ጣጣ ይጠብቃቸዋል። የኛው 270 ሐዲዱ መሬት ላይ ነው። ከእኩዮቼ ጋር ውርርድ ገብተናል፦ መደበኛ የጭነት ባቡር ቀድሞ የሚያስነሳው ካምፓላ ነው ወይስ ኮምቦልቻ? እኔ ለኮምቦልቻ ነው ያስያዝኩት፤ ደሴዎቹ በሙሉ ግን ለካምፓላ አስይዘዋል።